ሰውነቷ አልተቀበለውም የተባለችው እትዬ ጥሩንባ

የእኔ አክስት ዕድሜዋን ሙሉ በአፏ ነው የኖረችው። ሐሜተኛ ነበረች ማለቴ አይደለም፤ ሥራዋ ነው። በትልቁ የአውቶቡስ መናኸሪያ፣ ከትኬት መስኮቶቹ በላይ ባለችው ጠባብ የመስታወት ክፍል ተቀምጣ፣ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሳ፣ የትኛው እንደዘገየ፣ የማን ሻንጣ እንደተረሳ፣ የማን ልጅ ጠፍቶ ጥበቃዎቹ ዘንድ እያለቀሰ እንደሆነ በድምፅ ማጉያ የምታሳውቀው እሷ ናት። ሾፌሮቹ «እትዬ ጥሩንባ» ይሏታል። ስሙ አያናድዳትም። «ጥሩንባው ባይኖር ግማሻችሁ የሰሜኑን ሰው ጭናችሁ ደቡብ ታወርዱት ነበር» ትላቸዋለች።

እኔ ከእሷ ክፍል ሥር ካሉት መስኮቶች በአንዱ ትኬት እቆርጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ድምፅዋ ከራሴ በላይ ነው። ማይኩን ከመክፈቷ በፊት የምትለውን አንድ ጊዜ በልቧ ትለዋለች፣ ከንፈሯን ታረጥባለች፣ ትንፋሽ ትወስዳለች። ቃል አትውጥም። አንድ ቀን ለምን እንዲህ እንደምትጠነቀቅ ብጠይቃት «ሰዉ የሚሰማኝ ሻንጣ ተሸክሞ፣ ልጅ እየጎተተ፣ በግማሽ ጆሮ ነው። በግማሽ ጆሮ ላይ ግማሽ ቃል ከሰጠሁት ምን ይቀረዋል?» አለችኝ። ታዲያ ካልተጻፈላት ውጭም ትናገር ነበር። «ሰማያዊ ጃኬት የለበስከው ወንድሜ፣ አምዱን ተደግፈህ ስልክ የምታወራው፣ አውቶቡስህ እየወጣ ነው፤ ልጅቷ ስትደርስም ትኖራለች» ስትል መናኸሪያው በሙሉ ይስቃል፣ ልጁም አንገቱን ደፍቶ ይሮጣል።

የወደቀችው ወደዚያችው ክፍል በሚያወጣው የብረት ደረጃ ላይ ነው። ደረጃው በእግር ብዛት ለስልሷል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ሳሙና ይሆናል። ለመናኸሪያው ኃላፊ ስንት ጊዜ ነግራዋለች! መልሱ ሁልጊዜ «ይታያል» ነው። አልታየም። ዝናባማ በሆነ አንድ ጠዋት ተንሸራታ አገጯን ከመደገፊያው ጋር አጋጨችው፣ የታችኛው መንጋጋዋም ተሰበረ። ስደርስ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ደረጃው ሥር ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። በጣቷ ወደ ሰዓቱ እያሳየች፣ የሚነሳውን አውቶቡስ ሰው እንዲጠራ ትጠቁመኝ ነበር።

ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወሰድናት። ዶክተሩ መልከ መልካም፣ ንጹሕ፣ ችኩል ሰው ነው። አንቱ አልለውም፤ አንቱታዬን ጨርሼበታለሁ። ራጁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና የተሰበረውን በቲታኒየም ፕሌት አጋጥሞ በትናንሽ ብሎኖች እንደሚያስረው ነገረን። አክስቴ መንጋጋዋን በመዳፏ ደግፋ፣ በጥርሶቿ መካከል ቃላቱን እያሾለከች፣ አንድ ነገር ተናገረች። ይህን ነገር አንባቢዬ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ እሱ ልብ አላለውምና።

«ዶክተር፣ እኔ ርካሽ ጉትቻ እንኳ አይስማማኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ ያደረግሁ ቀን ጆሮዬ ያብጣል፣ ይመግላል። ብረት አይጠላኝም ይሆን?»

ዶክተሩ ሳቀ። በጥሩ አስረዳት፤ እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ወድጄው ነበር። «የጉትቻዎ ጠላት ኒኬል ይባላል። በርካሽ ጌጥ ውስጥ ሞልቷል፣ በስቲልም ውስጥ አለ። ቲታኒየም ሌላ ነው። ገና አየር ሲነካው ለዓይን የማይታይ ስስ ልብስ ይለብሳል። ቢጫር እንኳ የተጫረውን መልሶ ይሸፍነዋል። ከሥጋ ጋር የሚያስማማው ያ ልብሱ ነው። ሥጋ አይቆጣውም፣ አጥንት ደግሞ ቀስ እያለ ተጠግቶ ይይዘዋል። በእርስዎ አፍ ውስጥ የሚገባው እሱ ብቻ ነው። አይስጉ።»

አባቴም አብሮን ነበር። የአክስቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ምክር መስጠት ይወዳል። በወለቀ መንጋጋ ጥርሱ ፋንታ በቲታኒየም ሥር ላይ ሌላ ጥርስ አስተክሎ ስለነበር፣ ዶክተሩ ፊት አፉን ከፍቶ በጥፍሩ ቀጭ ቀጭ አደረገው። «ይኸው! ከእናቴ ሆድ ይዤው የወጣሁ ነው የሚመስለው። ለውዝ እሰብርበታለሁ። አንቺም ትለምጂዋለሽ፣ ዝም በይ።»

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ያማረ ነበር። እብጠቱ ጎደለ፣ ድዷ ገጠመ፣ እንደ ሕፃን የላመ ነገር በማንኪያ እየበላች ቤት ተቀመጠች። ከዚያ በአንዱ ጎን፣ ከከንፈሯ ጥግ ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ እብጠት ወጣ። አፏ ውስጥ ሳንቲም የመሰለ ጣዕም እንዳለ ነገረችኝ። ውሃ ብትጉመጠመጥም አይለቃትም። ብዙም ሳይቆይ ድዷ በዚያ በኩል ተከፍቶ መግል ያወጣ ጀመር።

ዶክተሩ አንቲባዮቲክ ሰጣት። ጎደለ፣ ተመለሰ። አጠበው፣ ሌላ አንቲባዮቲክ ሰጣት። ጎደለ፣ ተመለሰ። በመጨረሻ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ እጁን በሳሙና እየታጠበ፣ ጀርባውን እንደሰጠን ተናገራት።

«ምን እናድርግ እናቴ፣ ሰውነትዎ አልተቀበለውም። አንዳንድ ሰው እንዲህ ነው። እርስዎም ራስዎ ነግረውኛል፤ ጉትቻም አይስማማዎትም አይደል?»

አስጠንቅቃው ነበር እኮ! አስቀድማ ፈርታ የነገረችውን ነገር መልሶ ማስረጃ አደረገባት። «ቲታኒየም ኒኬል የለውም፣ አይስጉ» ያለው ይኸው አፍ አይደለም ወይ? ታዲያ አሁን ጉትቻው ከየት መጣ? ልናገር ስል አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ። ፊቷን አየሁት። እንደ ጥፋተኛ አንገቷን ደፍታ «ይቅርታ ዶክተር» አለችው። ስላልዳነች ይቅርታ ጠየቀችው!

ቤት ስንደርስ አባቴ የሰማውን ሰማና እንደ ልማዱ ቀለደ። «እሷ ደግሞ ምን ተቀብላ ታውቃለች! ባል ሲመጣ አልቀበል፣ ምክር ሲሰጣት አልቀበል፣ አሁን ደግሞ ቲታኒየም አልቀበል አለች።» ሌላ ጊዜ ቢሆን አክስቴ የእሱን ቀልድ በአየር ላይ ይዛ መልሳ ትወረውርበት ነበር፤ ለዚያ ማንም አይችላትም። ያን ቀን ግን ጥላው መኝታ ክፍሏ ገባች። ስከተላት መስታወት ፊት ቆማ ያበጠውን ጎኗን በሁለት ጣቷ እየዳበሰች ነው። «ለሁሉም ሰው የሚስማማው ነገር እኔ ላይ ሲደርስ ይበላሻል። ምን ዓይነት ሥጋ ነው ያለኝ?» አለችኝ። ድምፅዋ ተዳፍኗል። አክስቴን እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።

ከዚያ የባሰው መጣ። ዶክተሩ መግሉ አጥንቱን እየበላ ነው ብሎ ጠረጠረ። ፕሌቱን ከነብሎኖቹ በሙሉ አውጥቶ፣ የተበላውን አጥንት ቆርጦ፣ ሁለቱን መንጋጋዎች በሽቦ አስሮ ለረጅም ጊዜ ሊዘጋቸው አሰበ። ከዚያ በኋላ እንደ ድሮዋ ትናገር እንደሆነ ስጠይቀው «ትናገራለች፤ እንደ ድሮው ብዬ ግን ቃል አልገባም» አለኝ። ለእሱ ትንሽ ነገር ነው። መብላት እስከቻለች ድረስ ምን ጎደለባት?

መናኸሪያው ደግሞ እያየ ነበር። በእሷ ቦታ ያስቀመጡት ልጅ ቃል የሚውጥ፣ ከማይኩ ጋር የሚሳሳም ነበር፤ «የ..ቡቡ ከ..ር» ሲል ሰዉ እርስ በርሱ ይጠያየቃል። የእኔ መስኮት በየቀኑ አውቶቡስ ባመለጣቸው ሰዎች ጩኸት ይሞላል። ኃላፊው ግን አክስቴን ለመጠበቅ ብዙ ልብ አልነበረውም። «ካልሆነላት ሻንጣ ክፍል እናስገባታለን። እዚያ መናገር አይጠይቅም» አለኝ። ይህን ለአክስቴ አልነገርኳትም፤ ሌላ ሰው ነገራት። ሻንጣ ክፍሉ መስኮት የለውም።

የኦፕራሲዮኑ ቀን ስንደርስ ዶክተሩ ዕረፍት ወጥቶ ነበር። በቦታው ከሌላ ሆስፒታል ተዛውራ የመጣች ሴት ሐኪም ነበረች። አጭር፣ ጸጉሯን በሻሽ ያሰረች፣ ስትራመድ የምትጣደፍ፣ ስታይ ግን የማትጣደፍ። ራጁን ለረጅም ጊዜ አየችው። «አጥንቱ እኮ አብዛኛው ገጥሟል። ሁሉን ከማውጣት በፊት ልክፈተውና በዓይኔ ልየው። ሙሉ ማደንዘዣ አያስፈልግም፣ አካባቢውን ብቻ አደነዝዛለሁ» አለች። አክስቴ ራሷን ነቅንቃ ተስማማች። እኔ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አክስቴ ደጋግማ ስለነገረችኝ እዚያው የነበርኩ ያህል አውቀዋለሁ።

አፏ በመሣሪያ ተከፍቶ ተወጥሯል። ምላሷ ደንዝዟል። ዕድሜዋን ሙሉ ስትናገር የኖረች ሴት አንድ ቃል ማውጣት አትችልም፤ ጆሮዋ ግን ጤነኛ ነው። በላይዋ ያሉት ሰዎች ይህን የረሱ ይመስላል።

«ፕሌቱ ምንም አልሆነም። እዪው፣ ዙሪያው ንጹሕ ነው። አጥንቱ እቅፍ አድርጎ ይዞታል» አለች ሐኪሟ። መሣሪያ የምታቀብላት ነርስ «እህ» አለች። ሐኪሟ ቀጠለች። «እነዚህም ብሎኖች ደህና ናቸው። ይቺኛዋ ግን... ዙሪያዋ ያለው ሥጋ ጠቁሯል። በዚህች ብቻ ነው እኮ!» ብሎኗን ፈታ አወጣቻት። ስታይ ቆየችና ድምፅዋ ተለወጠ። «ይሄ ቲታኒየም አይደለም። ስቲል ነው። ማን ነው እዚህ ያስገባው?»

ነርሷ ምንም ክፉ ነገር እንዳልተደረገ ሁሉ በቀላሉ መለሰች። «ከተራፊው ሳህን ይሆናላ።»

«የምን ተራፊ ሳህን?»

ነርሷ አስረዳቻት። የኦፕራሲዮን ክፍሉ ዋና ሲስተር ብክነት የማይወዱ ሴት ናቸው። ከየኦፕራሲዮኑ ተከፍተው ሳይገቡ የሚቀሩትን ብሎኖች አይጥሉም። ይታጠባሉ፣ በእንፋሎት ይቀቀላሉ፣ ክፍልፋይ ባለው ሳህን ላይ በመልክ በመልካቸው ይደረደራሉ። አጫጭሩ ለብቻ፣ ረጃጅሙ ለብቻ፣ ቀጭኑ ለብቻ፣ ወፍራሙ ለብቻ። ለፊት አጥንት የሚመጣው ቲታኒየም፣ ለእጅና ለእግር የሚመጣው ስቲል፣ ልካቸው ከተመሳሰለ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። አንድ ዶክተር ብሎን ሲጎድለው «ከሳህኑ ስጪኝ» ይላል፤ ይሰጠዋል። ሆስፒታሉ ለዚህ ሳህን የምስጋና ምስክር ወረቀት ሰጥቷል። ፎቶው ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል። እኔ ውጭ ተቀምጬ ሳየው የነበረው እሱን ነው፤ ሲስተሯ ሳህኑን ይዘው ፈገግ ብለው!

በልክ ለዩዋቸው፤ በብረታቸው ዘር ግን አልለዩዋቸውም። ይህን ያህል ትጉ ሆነው፣ ይህን ያህል አሳምረው፣ አንድ ነገር ብቻ ረሱ፤ እሱም ዋናው ነገር ነበር። ሰነፍ ሆስፒታል ቢሆን ኖሮ ተራፊውን ጥሎ አክስቴ ትድን ነበር።

«አአአ!» አለች አክስቴ ከዚያ ከተወጠረ አፏ።

«ይቅርታ እናቴ፣ አመመዎት?» አለች ሐኪሟ ደንግጣ።

አክስቴ ራሷን ነቀነቀች፤ አላመማትም። እንደገና «አአአ!» አለች። ማንም አልገባውም። «ሰው ሲናደድ ቃል ይፈልጋል። እኔ አ ብቻ ነበረኝ፤ ባለችኝ አ ሰደብኳቸው» ትላለች አሁን ስትነግረኝ፣ እየሳቀች። ያን ጊዜ ግን እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወርዶ ትራሱን አርሶት ነበር።

ሐኪሟ የዋለችውን ውለታ አልረሳም። ነገሩን ሸፍና ማለፍ ትችል ነበር። በምትኩ ወጥታ፣ ጓንቷን እያወለቀች፣ ሁለታችንንም አስቀምጣ በግልጽ ነገረችን። እንደዚህ ያሉ ሁለት ዓይነት ብረቶች በሰውነት እርጥበትና ጨው ውስጥ ተነካክተው ሲቀመጡ ደካማው እየተበላ ይሄዳል። በዚያ ላይ ብሎኗ በስንት እጅ፣ በስንት መፍቻ የተጫረች ናት። እየተበላች ውስጧ ያለውን ኒኬል በሥጋው ላይ ስታፈስ ነበር። የአክስቴ ጆሮ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቀውን ጠላት ነበር አገጯ ውስጥ የሰፉባት። «ቲታኒየሙን ሰውነትዎ በሚገባ ተቀብሎታል። ሳስበው፣ ከዚያ ሁሉ ጋር እየታገለ እንኳ ተቀብሎታል። አጥንትዎ ስለገጠመ በዚያች ቦታ ሌላ ብሎን አያስፈልግዎትም» አለቻት። ከዚያም ያቺን ብሎን በትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ አድርጋ እጇ ላይ አኖረችላት። «የእርስዎ ናት። ይያዟት።»

ቁስሉ ዳነ። አጥንት መቁረጥ፣ መንጋጋ ማሰር፣ ምንም አላስፈለገም። መግሉ ግን በቆየበት ጊዜ የከንፈሯን ጥግ የሚያዘውን ነርቭ ነክቶት ኖሮ፣ «ሰ» ስትል ትንሽ አየር ያመልጣታል። ለሌላ ሰው የማይሰማ ነገር ነው፤ ለእሷ ትልቅ ነው። ቤት ውስጥ መስታወት ፊት ቆማ «የሰሜን መስመር፣ የሰሜን መስመር» እያለች ስትለማመድ እሰማታለሁ። አባቴም ይሰማል። ነገሩን ከሰማ ጀምሮ ቀልዱ ጠፍቷል። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ አሁንም አልወጣም። አንድ ቀን ግን የአሮጌ ጎማ ቁራጭና መዶሻ ይዞ መናኸሪያ መጣና ማንንም ሳያስፈቅድ የዚያን የብረት ደረጃ እርከኖች በሙሉ ጎማ ሲያለብሳቸው ዋለ። የመናኸሪያው ኃላፊ አጠገቡ ቆሞ «ልናየው እኮ ነበር» ይለዋል። አባቴ ከቁብ አልቆጠረውም።

አክስቴ ሥራ ከመመለሷ በፊት ሆስፒታል መሄድ እፈልጋለሁ አለችኝ። ክስ፣ ካሣ የሚል ነገር በልቧ አልነበረም። «ያ ሰው ያለኝን ቃል ራሱ ያንሳልኝ» ነው ያለችው። የሆስፒታሉ ኃላፊ ቢሮ ገባን። ከዕረፍቱ የተመለሰው ዶክተር አለ፤ ዋና ሲስተሯም ተጠርተዋል። አክስቴ ብልቃጧን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

ዶክተሩ አያት፣ ትከሻውን ነቀነቀ። «ሁለቱም ለሰው አካል የተፈቀዱ ናቸው። ደግሞ አንድ ብሎን ናት።»

«አንድ ብሎን ናት» አለ! የእሱ አገጭ ውስጥ ብትሆን አንድ ትሆን ነበር ወይ? ሲስተሯ ግን ብልቃጧን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። «እኔ ለበጎ ነው እናቴ፣ እንዳይባክን ብዬ...» ብለው መጨረስ አቃታቸው። በእሳቸው አልፈርድም፤ ቢያንስ አፍረዋል። ሳህኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲነሳ እንዳደረጉም ሰምቻለሁ።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠራርጎ ተናገረ። «እናዝናለን። ሳህኑም ይነሳል። ከእርስዎ በቀር ቅሬታ ያቀረበ ሰው እንደሌለ ግን ይወቁልን።»

አክስቴ ከንፈሯን አረጠበች። ትንፋሽ ወሰደች። ይህን አኳኋን አውቀዋለሁ።

«ሌሎቹ ቅሬታ እንዴት ያቀርባሉ? ጥፋቱ የእነሱ እንደሆነ ነግራችሁ ልካችኋቸዋል። እኔም እኮ ይቅርታ ጠይቄ ነበር የወጣሁት። እስቲ ንገሩኝ፣ ለስንት ሰው ነው ሰውነትህ አልተቀበለውም ያላችሁት?»

ሲስተሯ ወደ ዶክተሩ አዩ፣ ዶክተሩ ወደ መስኮቱ አየ።

«ጥሩ። ታዲያ ጠርታችሁ እዩዋቸዋ» አለች።

«ይህ የማይሆን ነገር ነው» አለ ኃላፊው። «ሕዝብ ማስደንገጥ ነው የሚሆነው። ደግሞ እኛ ጋ የሚታከመው ከአራቱም ማዕዘን ነው የሚመጣው። አንዱ ዛሬ እዚህ፣ ነገ የት እንዳለ ማን ያውቃል? በምን እናገኛቸዋለን?»

አክስቴ ብልቃጧን አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «በአውቶቡስ ነው የሚመጡት አይደል?» አለች። ኃላፊው አልገባውም። እኔ ገባኝ፤ እጄን አፌ ላይ አደረግሁ።

በማግስቱ ጠዋት፣ መናኸሪያው ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ጎማ የለበሰውን ደረጃ ወጥታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የበሩን መቀርቀሪያ ከውስጥ ስትገፋው ሰማሁ። ማጉያው ፍሽ አለ። ድምፅዋ ከራሴ በላይ መጣ፤ ትንሽ አየር የሚያመልጠው፣ ግን አንድም ቃል የማይውጥ።

«መንገደኞች፣ ጆሯችሁን ስጡኝ። ይህ የአውቶቡስ ማስታወቂያ አይደለም። በትልቁ ሆስፒታል አጥንታችሁ ተሰብሮ ብረት የገባላችሁ፣ ደህና የሆናችሁ አትደንግጡ፣ መንገዳችሁን ቀጥሉ። ቁስሉ አልድን ብሎ፣ ሰውነታችሁ አልተቀበለውም ተብላችሁ የተመለሳችሁ ግን ስሙኝ። እኔም እንዲያ ተብያለሁ። ሰውነቴን ሳማው ከርሜያለሁ። ሰውነቴ ግን ሊቀበል የሚገባውን ተቀብሏል። ያልተቀበለው መግባት ያልነበረበትን ነው። ሂዱና ምን እንደገባላችሁ ጠይቁ። ብረቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አልመልስ ካሏችሁ እኔ እዚህ ነኝ፣ ከትኬት መስኮቶቹ በላይ። የሰሜን መስመር ከበር አራት ሊነሳ ነው።»

የመናኸሪያው ኃላፊ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጥቶ መስታወቱን ይደበድብ ጀመር። «ምን ቆርጦሽ ነው? ከሥራሽ መባረር ያምርሻል?» ሲል ይሰማል። እሷ ከመጀመሪያው ጀመረችው። ቃል በቃል፣ ሳትቸኩል፣ የደቡቡ መስመር ሰዎችም እንዲሰሙት።

ሻንጣ የሚጎትቱት ቆሙ። ሾፌሮቹ ሞተር አጠፉ። ወደ ደረጃው የመጣ ግን አልነበረም፤ በከንቱ ተናገረች አልኩ።

ከዚያ በእኔ መስኮት ተራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ከሰልፉ ወጡ። በክንዳቸው ሥር ምርኩዝ አለ። የአንድ እግራቸውን ሱሪ ጫፍ ይዘው ቀስ ብለው ወደ ላይ ሰበሰቡት። ቅልጥማቸው ላይ በጨርቅ የታሰረ ቁስል አለ፤ ጨርቁ ረጥቧል።

«የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «ለእኔም እንዲህ ነው ያሉኝ። በእርጅናዬ ነው ብዬ ነበር። ሴትዮዋ በየት ነው የምትገኘው?»

ደረጃውን አሳየኋቸው። ጎማው ላይ ምርኩዛቸውን እየተከሉ ሲወጡ የመናኸሪያው ኃላፊ ግድግዳውን ተለጥፎ መንገድ ለቀቀላቸው። ወደ መስኮቴ ስመለስ ከሰልፉ ሌሎችም ወጥተው ነበር። አንዲት ሴት የአንገቷን አጥንት በእጇ ይዛለች። አንድ ጎረምሳ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጣቶቹን ያያል። ከበር አራትም፣ የሰሜኑ አውቶቡስ ሊነሳ ሲል፣ አንድ ሰው ሾፌሩን አስቁሞ ወረደ።